ማሠራጫው ከፍታ ላይ ይውጣ፣ ስቱዲዮው ንፋስ መውጫ ይሁን

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለደቡብ ጎንደር ዞን አስተዳደር

ጉዳዩ፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሕዝብ አነስተኛ የማህበረሰብ ኤፍ ኤም ሬዲዮ እንዲፈቀድና ማሠራጫው ከስቱዲዮው ተለይቶ ከፍታ ላይ እንዲተከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ የሥራ ኃላፊዎችና የቦርድ አባላት፣

የንፋስ መውጫ ነዋሪ ነኝ። የምተዳደረው ሬዲዮ፣ ቴፕና የእጅ ስልክ በመጠገን ነው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የመረጥሁት ጥያቄው የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ ሰው ሁሉ ባለጉዳይ ነው።

ለጥገና ከሚመጡልኝ ሬዲዮኖች መካከል ያልተበላሹት ብዙ ናቸው። በገበያ ቀን ገበሬው ሬዲዮኑን ከጋቢው ሥር ያወጣና «ድምፁ ጠፍቷል፤ እስቲ እየው» ይለኛል። እከፍተዋለሁ፤ የባትሪ ድንጋዩን እለካለሁ፤ አንቴናውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ብየዳውን አንድ በአንድ አያለሁ። ሁሉም ደህና ነው። ሬዲዮኑ ጤነኛ ነው፤ ከሰውየው ቀዬ ያልደረሰው ሞገዱ ነው። ገንዘብ ሳልቀበል እመልስለታለሁ፤ እሱ ግን ቅር እያለው ይሄዳል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የሚያደምጡት በስልካቸው ነው። ለስልኩ ኤፍ ኤም አንቴና የሚሆነው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ስለሆነ ገመዱን ሰክተው ወደ ጉብታ ይወጣሉ። ከብቱን ተከትለው ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ድምፁ መሻከር ይጀምራል፤ ጥቂት እልፍ ሲሉ ጨርሶ ይጠፋል።

ምክንያቱ የመሬታችን አቀማመጥ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ አይወርድም፤ እንደ መካከለኛው ሞገድም መሬት ለመሬት እየተሳበ ኮረብታ አያልፍም። በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ተራራ ሲገጥመው ከኋላ ያለው አገር ድምፅ አልባ ይሆናል። ከባሕር ዳርና ከደብረ ታቦር በኩል ለሚመጣ ሞገድ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና መሐል ላይ ቆሟል። ንፋስ መውጫ በወረታ ወልዲያ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ከእሷ ወደ ደቡብ ወደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ስማዳዋ ወገዳ ሲኬድ አገሩ በገደልና በሸለቆ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም በጉና ማዶ ናት። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ላይ ጋይንትና ስማዳ እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ፣ ታች ጋይንት ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። እስቴ ሲጨመር ከተራራው ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው ስንት እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የባሕር ዳሩን 96.9 እናከብራለን፤ በሚያዝበት ቦታ ሁሉ እናደምጠዋለን። ነገር ግን ክልልን የሚያገለግል ጣቢያ በገበያ ቀን በአርብ ገበያ ገብስ ስንት እንደዋለ ሊነግረን አይችልም፤ ሊወቀስበትም አይገባም። ለእኛ ግን ኑሯችን ያ ነው። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የስንዴ ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ደጋዎች ሲያዳርስ መድኃኒት በወቅቱ የረጨና ያልረጨ ገበሬ ያገኙት ምርት ፈጽሞ የተለያየ ነበር። ዋግ ሲነሣ ቀናት ዋጋ አላቸው፤ የድንች በሽታም በዝናብና በጉም ወቅት ማሳውን በሳምንት ውስጥ ያጠቁረዋል። «በእንዲህ ያለ ቀበሌ ታይቷል፤ ማሳችሁን እዩ፤ የግብርና ሠራተኛው ነገ እዚህ ቦታ ይገኛል» የሚል የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ በአካባቢው ሬዲዮ ቢነገር የብዙ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ይተርፋል። ዛሬ ይህ መልእክት የሚሄደው በደብዳቤ፣ በስብሰባና በሰው አፍ ነው።

በሴፍቲኔት የታቀፈች እናት የክፍያው ቀን መለወጡን የምትሰማው ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን ተጉዛ ከደረሰች በኋላ ነው። በክረምት ናዳ መንገድ ሲዘጋ መንገደኛው የሚያውቀው ናዳው ፊት ከቆመ በኋላ ነው። የክትባት ዘመቻ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የጠፋ በሬ፣ የሩቅ ዘመድ ለቅሶ፣ ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ጣቢያ ዜና አይሆንም፤ ለጋይንት ሰው ግን የዕለቱ ትልቅ ዜና ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲደርስ ቤተሰቡ የተበተነበት ሰው እጅግ ያጣው ነገር የታመነ ወሬ ነበር። ማን የት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ የሚነግረው አልነበረም። ባዶውን የሞላው አሉባልታ ነው፤ አሉባልታውም በጥይት ላይ የተጨመረ ስቃይ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የአካባቢ ሬዲዮ ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «መጀመሪያ ሕንፃ ይኑራችሁ፤ ትልቅ ማሠራጫ ያስፈልጋል፤ በጀቱ ከአቅማችሁ በላይ ነው።» ጣቢያ ሲታሰብ ስቱዲዮውም፣ ማማውም፣ ማሠራጫውም ከተማ መሐል አንድ ግቢ ውስጥ እንዲሆኑ ይታሰባል። ከዚያ ተራራውን ለማለፍ የማሠራጫውን ኃይል ማብዛት ይመጣል፤ ዋጋው ይንራል፤ ነገሩም ይቀራል። በዚህ አስተሳሰብ እንኳንስ ወረዳ ዞንም ጣቢያ አያቆምም።

በኤፍ ኤም ከፍታ ከኃይል ይበልጣል። ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ፋኖስ ከሚያሳየው ይልቅ አምባ ላይ የተሰቀለች ኩራዝ የምታሳየው ይርቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ለማህበረሰብ የፈቀደችው አነስተኛ ኤፍ ኤም ከ100 ዋት አይበልጥም። አንቴናው ከአካባቢው መሬት 30 ሜትር ያህል ከፍ ሲል ጥሩ ሆኖ የሚደመጠው 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ያው አንቴና ከዙሪያው አገር በ1,000 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ቢሰቀል የእይታ መስመሩ ሜዳ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በእኛ ተራራማ አገር ይህ ቁጥር እንዳለ አይሠራም፤ ሸለቆዎቹ ይቀንሱታል፤ ምልክቱም በርቀት ይደክማል። እንዲያም ሆኖ 300 ዋት በትክክለኛው ከፍታ ላይ ቢቆም ከተማ መሐል ከቆመ ብዙ እጥፍ ኃይል ካለው ማሠራጫ ይልቅ ለጋይንትና ለስማዳ ይጠቅማል።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው አዲስ አበባ፣ ማሠራጫው ግን ከከተማው ውጭ ጌጃ ነበር። ጣቢያው በ1969 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላም የኢትዮጵያ ሬዲዮ በጌጃ ማሠራጫ ለአገሩ ሁሉ ተናግሯል። ዛሬም በአዲስ አበባ የምትሰሟቸው የብዙዎቹ ኤፍ ኤሞች ድምፅ የሚሠራጨው ከፉሪ ተራራ ላይ ነው። ጋዜጠኛው ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ይናገራል፤ አንቴናው ተራራ ላይ ሆኖ ያሰማል። ለዋና ከተማው ተገቢ የሆነው አሠራር ተራራው ለበዛበት ለእኛ አገር ይበልጥ ተገቢ ነው። ከእኛ በባሰ ተራራ የተከበቡት ኔፓሎች እ.ኤ.አ. በ1997 ሬዲዮ ሳጋርማታን ከጀመሩ በኋላ በየኮረብታው አነስተኛ የማህበረሰብ ጣቢያዎችን አብዝተዋል። በክልላችንም ለዋግ ኽምራና ለአዊ የማህበረሰብ ሬዲዮ ተከፍቶላቸዋል።

በሐሳብ ብቻ እንዳልናገር፣ በአነስተኛ ወጪ የሚቆም ጣቢያ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ስቱዲዮው ንፋስ መውጫ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ትሆናለች። ግድግዳዋ ማስተጋባት እንዳይኖር በብርድ ልብስና በስፖንጅ ይሸፈናል። ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ሚክሰር፣ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይበቃሉ፤ ፕሮግራም የሚያጫውተውና ድምፅ የሚያርመው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። አንዱ ኮምፒውተር የተላለፈውን ሁሉ ቀን ከሌት ይቀዳል። ተራራው ላይ 300 ዋት የሚሰጥ ማሠራጫ፣ የአንቴና ስብስብና ኬብሉ ይቆማሉ፤ የእነዚህ ዋጋ በጥቂት ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኘው ሊንክ የሚባለው የሬዲዮ መስመር ነው። ስቱዲዮውና ማሠራጫው በዓይን የሚተያዩ ከሆነ በሁለት ትናንሽ አንቴናዎች ድምፁን በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አሻግሮ ማድረስ ይቻላል። ከማሠራጫው ጎን አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ትቀመጣለች፤ ሊንኩ ሲቋረጥ ዝምታውን ለይታ የተቀዳ ፕሮግራምና የጣቢያውን ስም ማሰማት ትጀምራለች። እንዲህ ሲሆን አንድ ሽቦ ስለተነቀለ ሌሊት ተራራ የሚወጣ ሰው አይኖርም።

መብራቱም ቢሆን መፍትሔ አለው። ማሠራጫው፣ ሊንኩና ማቀዝቀዣው አንድ ላይ 600 ዋት ቢበሉ በቀን ለ12 ሰዓት ሥርጭት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። 2 ኪሎ ዋት የሶላር ፓነልና በቂ ባትሪ በበጋ ይህን ይችለዋል። በክረምት ጉሙ ሲከብድ ማሠራጫውን ወደ 100 ዋት ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ኃይሉ ወደ ሲሶ ሲወርድ የሚደርስበት ርቀት ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። የሚያሰጋው መብረቅ ነው። የኛ ደጋ መብረቅ ይወዳል፤ ስለዚህ ለመሬት ማስገቢያው መዳብ የሚወጣው ገንዘብ ፈጽሞ ሊቆጠብ አይገባም። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው ነው።

አንዳንድ ሰው «ሊንክ ለምን አስፈለገ? ድምፁን በኢንተርኔት ወደ ማሠራጫው ላኩት» ይላል። በሌላ አገር ይህ ርካሹ መንገድ ነው። እኛ ግን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ አይተናል። ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚዘጋ ሬዲዮ፣ ሰው ሬዲዮ በጣም በሚያስፈልገው ቀን ዝም ይላል። ስለዚህ የራሱ የሊንክ ፍሪኩዌንሲ ያለው ጣቢያ ነው የምንለምነው። ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው፤ የሥርጭት ፈቃዱ ከእናንተ፣ የሬዲዮ ሞገድ አስተዳደሩ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከገጠር ተነሥቶ ሁለት መሥሪያ ቤት የሚመላለስ የማህበረሰብ ኮሚቴ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

የከፍታውን ቦታ በተመለከተ ጉና በመጀመሪያ በሐሳብ ይመጣል፤ ወደ እስቴም፣ ወደ ጋይንትም፣ ወደ ስማዳም ያያልና። ነገር ግን ጉና ጥብቅ ቦታ መሆኑን፣ የጉማራና የርብ ወንዞች መነሻም እንደሆነ እናውቃለን። እዚያ አዲስ መንገድ ይጠረግ፣ ሣሩ ይገፈፍ አንልም። በየከፍታው ላይ ቀድሞ የቆሙ ማማዎች አሉ፤ አንድ የኤፍ ኤም አንቴና ከጎናቸው ቢታሰር የሚጎዳ የለም፤ የኪራዩንም ተመጣጣኝ ዋጋ ማህበረሰቡ ይከፍላል። ቦታው ጉና ይሁን ወይስ ለንፋስ መውጫ የቀረበ ሌላ ሸንተረር፣ ያንን የሚወስነው የባለሙያ ልኬት ነው። በበሽሎና በዓባይ ጠርዝ ያሉት የስማዳ ቆላ ቀበሌዎች ከየትኛውም ቦታ በቀጥታ እንደማይደረሱም አስቀድሜ እናገራለሁ። ለእነሱ ኋላ ሞገዱን ተቀብሎ የሚያሠራጭ ሌላ ትንሽ ማሠራጫ ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ሥጋታችሁን እረዳለሁ። ያለንበት ወቅት ከባድ ነው፤ አንድ ማይክሮፎን በመጥፎ እጅ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም አይቷል። ሆኖም ሰውን ለአሉባልታ ያጋለጠው የሬዲዮ መብዛት ሳይሆን በቅርብ የሚያውቀውና የሚጠይቀው ሬዲዮ ማጣቱ ነው። የጣቢያው ቦርድ ከገበሬው፣ ከሴቶች፣ ከመምህራን፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከወጣቶች ቢመረጥ፣ የተላለፈው ሁሉ ተቀድቶ ቢቀመጥና በተጠየቀ ጊዜ ቢቀርብ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ ላይ ያስቀመጠው ገደብ በጣቢያው መተዳደሪያ ውስጥ ቢገባ፣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ንፋስ መውጫ ውስጥ በሬዲዮ የዋሸ ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ የዋሸውን ሰው ዓይን ለዓይን ያገኘዋል። ይህን ዓይነት ቁጥጥር የሩቅ ጣቢያም፣ ማኅበራዊ ሚዲያም የለውም።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማህበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ አንድ ዘርፍ አድርጎታል፤ መሥሪያ ቤታችሁንም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ አድርጎታል። በዚህ መንፈስ ነው ጥያቄዬን የማቀርበው።

ለምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የሚሆን የኤፍ ኤም ፍሪኩዌንሲ እንዲጠናና ለማህበረሰብ ሬዲዮ እንዲያዝልን እጠይቃለሁ። ጥናቱም ካርታ ላይ በሚሠመር ክብ ሳይሆን በመሬቱ አቀማመጥ ይሁን፤ ባለሙያዎቻችሁ መለኪያ ይዘው ይምጡ፤ እኛ መንገድ እንመራለን፤ ዕቃ እንሸከማለን። ፈቃዱ ሲሰጥ ስቱዲዮና ማሠራጫ በተለያየ ቦታ እንዲሆኑ በግልጽ ይጻፍበት፤ የሊንኩ ፍሪኩዌንሲም ከሥርጭቱ ፍሪኩዌንሲ ጋር አብሮ፣ ሁለቱ ባለሥልጣናት ተነጋግረው በአንድ ጊዜ ይስጡን። የማህበረሰብ ጣቢያን አቅም በሕንፃው ስፋት አትመዝኑት። ክፍሏ ንጹሕ፣ ድምፁ ጥሩ፣ ቦርዱ በሕዝብ የተመረጠ፣ ሒሳቡ የሚመረመር ከሆነ ይብቃ። ለማህበረሰብ ሬዲዮ የሚገቡ ማሠራጫዎች፣ አንቴናዎችና የሶላር ዕቃዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲሆኑ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በእናንተ በኩል ሐሳብ ይቅረብልን፤ ማሠራጫውን ለመግዛት የተዋጣ የገበሬ ገንዘብ ቀረጥ ላይ እንዳያልቅ።

የማማው ጉዳይ የዞኑንም እጅ ይጠይቃል፤ ለዚህ ነው ግልባጩን ለአስተዳደሩ ያደረግሁት። ማማ ያላቸው ተቋማት ከማህበረሰቡ ኮሚቴ ጋር እንዲቀመጡ ዞኑ ቢጠራልን ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ በልኬቱና በተከላው ቢያግዙን ለእነሱም የሚማሩበት ሥራ ይሆናል። ማሠራጫ ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ የሚጠብቅ ጣቢያ ዕድሜ የለውም፤ ጠጋኙ ከአገሩ ልጆች መሆን አለበት። እኔም በዚህ ሞያ የማውቀውን ሁሉ ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ።

የአካባቢው ሕዝብ የሚያዋጣው አለው። ትምህርት ቤት በድንጋይና በአሸዋ መዋጮ ሠርቷል፤ መንገድ በጉልበቱ ጠርጓል። ክፍሏን ይሰጣል፤ ጥበቃውን ያቆማል፤ ዕቃውን በሸክም ተራራ ላይ ያወጣል። ሊያደርገው የማይችለው አንድ ነገር ለራሱ ፍሪኩዌንሲ መስጠት ነው፤ ያ በእናንተ እጅ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ «ይቻላል» ከሆነ ከየት እንደምንጀምር ንገሩን፤ «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱን ዘርዝራችሁ አሳውቁን፤ የጎደለውን እናሟላለን። ባለሙያዎቻችሁ ከክረምቱ በፊት ቢመጡ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሰማዩም ለልኬት የጠራ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የንፋስ መውጫ ነዋሪና የሬዲዮ ጠጋኝ